የማዳጋስካር ወንዞች ወዴት ይፈስሳሉ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ስለ ማዳጋስካር ወንዞች የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንተ እዚያ ሁለት ዓመት ኖረሃል፤ እስቲ እየውና ልክ ከሆነ ንገረኝ» አለኝ። ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ሊጠቀምበት ነው። ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ ይኼ ነው። የደሴቲቱ ወንዞች ከመሃል ተነስተው ወደ አራቱም አቅጣጫ እኩል ይፈስሳሉ። ዝናብ የሚበዛው በምሥራቅ ስለሆነ ትልልቆቹ ወንዞችም እዚያ ናቸው። ረጅሙ ወንዝ ፓንጋላን ይባላል፤ 600 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቤትሲቦካ የተባለው ወንዝ የቀላው ገበሬው ደኑን አቃጥሎ ስለጨረሰው ነው። ደቡቡ ወንዝ ስለሌለው ይራባል። በመጨረሻም ወንዞቹ ገደልና አዞ ብቻ ስለሆኑ ለሕዝቡ ያን ያህል አይጠቅሙም ይላል።

ጸሐፊው በክፋት እንዳልጻፉት አውቃለሁ። ስለ ማዳጋስካር በአማርኛ መጻፋቸውም የሚያስመሰግናቸው ነው። ግን በእኛ ቋንቋ ስለዚያች ደሴት የሚገኘው ንባብ በጣም ጥቂት ነው። ጥቂቱ ከተሳሳተ ማረሚያ የሚሆን ሌላ የለም። የወዳጄ ልጅ የሚይዘው ያንኑ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከስሞቹ አጠራር ልነሳ። በማላጋሲ፣ ማለትም በደሴቲቱ ሕዝብ ቋንቋ፣ በላቲን ፊደል «ኦ» የምትመስለዋ ሆሄ «ኡ» ተብላ ነው የምትነበበው። ስለዚህ ሰዉ የሚለው ቤትሲቦካ ሳይሆን ቤትሲቡካ ነው። እኔም ከዚህ በኋላ ሰዉ እንደሚጠራቸው እጽፋቸዋለሁ። ወንዝን ራሱን «ሬኒራኑ» ይሉታል። «ሬኒ» እናት ነው፣ «ራኑ» ውሃ። የውሃ እናት ማለት ነው። አባይን የወንዞች አባት እያለ ላደገ ሰው ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማበትን ቀን መርሳት አይሆንለትም።

«ከመሃል ተነስተው ወደ አራቱም አቅጣጫ እኩል ይፈስሳሉ» ለሚለው። አይደለም። የጽሑፉ ሌሎች ስህተቶችም ብዙዎቹ የመጡት ከዚህ ነው።

ማዳጋስካር በስፋት ከዓለም ደሴቶች አራተኛ ናት። ከግሪንላንድ፣ ከኒው ጊኒና ከቦርንዮ ቀጥላ ማለት ነው። ወደ 587,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ትሆናለች። ከሰሜን እስከ ደቡብ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። በዚህ ርዝመት ሁሉ ደጋው እንደ ጀርባ አጥንት ተዘርግቷል። ይህ ጀርባ አጥንት ግን መሃል ላይ አይደለም፤ ወደ ምሥራቁ ባህር የተጠጋ ነው። አናቱ ወደ አንድ ወገን የተገፋ የቆርቆሮ ጣራ አስቡ። በአንዱ በኩል ክፈፉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። በሌላው በኩል ረጅምና ለስላሳ ነው። ዝናብ ሲዘንብ በአጭሩ በኩል ያለው ውሃ ሳይውል ሳያድር መሬት ይወርዳል። በረጅሙ በኩል ያለው ገና ብዙ መንገድ አለው።

ማዳጋስካርም እንዲሁ ናት። ከደጋው ወደ ምሥራቅ የሚወርዱት ወንዞች አጫጭር ናቸው። ገደሉን እየዘለሉ ወርደው ሕንድ ውቅያኖስ ይገባሉ። ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ግን ሰፊውን ሜዳ አቋርጠው የሞዛምቢክ ሰርጥ ለመድረስ መቶዎች ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። ማንጉኪን ውሰዱ። ገባሮቹ የሚነሱት ከፊያናራንትሱዋ አካባቢ ደጋ ነው። ከዚያ ምሥራቁ ባህር ብዙ ሩቅ አይደለም፤ ከ100 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ውሃው ግን ወደዚያ አይሄድም። ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ምዕራብ 564 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከሙሩምቤ ከተማ በስተሰሜን ባህር ይገባል። የዋና ከተማዋ የአንታናናሪቮ ወንዝ ኢኩፓም እንደዚሁ ነው። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ካለው ደጋ ተነስቶ ከተማዋን ዞሮ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሄዳል። ማኤቫታናና አጠገብ ከቤትሲቡካ ጋር ይገናኝና አብረው በወደብ ከተማዋ በማሃጃንጋ በኩል ባህር ይገባሉ።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁን። እሳቸው ያሉት የሚሠራበት አንድ ቦታ አለ። በሰሜን ጫፍ ትሳራታናና የሚባል ተራራ አለ። የደሴቲቱ ከፍተኛው ጫፍ ማሩሙኩትሩ፣ 2,876 ሜትር፣ ያለው እዚያ ነው። ከዚህ ተራራ ሳምቢራኑና ማሃቫቪ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወርዳሉ። ቤማሪቩ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። የሳምቢራኑ ሸለቆ የማዳጋስካር ምርጥ ካካው የሚበቅልበት ነው። ምናልባት ጸሐፊው ስለዚህ ተራራ ያነበቡትን ለመላው ደሴት አድርገውት ይሆናል።

«ዝናብ የሚበዛው በምሥራቅ ስለሆነ ትልልቆቹ ወንዞችም እዚያ ናቸው» የሚለው ደግሞ ግማሹ እውነት ነው። ዝናቡ በእርግጥ በምሥራቅ ይበዛል። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነፍሰው ነፋስ እርጥበቱን ተሸክሞ መጥቶ ገደሉ ላይ ሲደርስ እዚያው ያራግፈዋል። በምሥራቅ ዳርቻ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብባቸው ቦታዎች አሉ። በደቡብ ምዕራብ ቱሊያራ ከተማ 400 ሚሊ ሜትር መሙላቱም ያጠራጥራል። ግን የወንዝ ትልቅነት ዝናብ ብቻ አይደለም። ውሃውን የሚሰበስብለት መሬት ስፋትም አለ። የምሥራቁ ወንዝ ከሚጠበው ክፈፍ ላይ ምን ያህል መሬት ያገኛል? ማንጉኪ፣ ቤትሲቡካ፣ ትሲሪቢሂና ሁሉም የምዕራብ ወንዞች ናቸው። ዝናቡ በአንድ በኩል፣ ረጃጅሞቹ ወንዞች በሌላ በኩል። ለማመን ያስቸግራል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ሰዎቹ የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር።

ከምሥራቆቹ ሁሉ የሚረዝመው ማንጉሩ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። እሱም ቢሆን የረዘመው በቀጥታ ስላልወረደ ነው። ከሙራማንጋ ከተማ በስተሰሜን ይነሳና ባህሩን አጠገቡ እያየ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ምክንያቱም በሁለት ገደሎች መካከል በተዘረጋ ረጅም ዝቅተኛ ቦታ ውስጥ ነው ያለው። ከላይ አንድ ገደል፣ ከታች አንድ ገደል፣ እሱ መሃል ላይ። መውጫ ሲያገኝ ብቻ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ማሃኑሩ አጠገብ ባህር ይገባል። በዚያው ዝቅተኛ ቦታ ሰሜን ጫፍ ላይ የደሴቲቱ ትልቁ ሐይቅ አላኦትራ አለ። ጽሑፉ የአላኦትራ ውሃ በማኒንጉሪ ወንዝ በኩል ወደ ምሥራቅ ይወጣል ይላል። ይህ ልክ ነው። እንዲያውም ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው፤ ጸሐፊው በትክክል ይዘውታል።

ፓንጋላንን በተመለከተ ረጅም ነገር አያስፈልግም። ፓንጋላን ወንዝ አይደለም፤ ሰው የቆፈረው ቦይ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ የባህሩ ሞገድ አሸዋ እየገፋ የወንዞቹን አፍ ይዘጋል። ከአሸዋው ጀርባ ውሃ ይተኛና ረጃጅም ሐይቆች ይሆናል። ፈረንሳዮች በቅኝ ግዛቱ መጀመሪያ ላይ እነዚህን ሐይቆች አንዱን ካንዱ በቦይ አገናኟቸው። ከቱዋማሲና ወደብ እስከ ፋራፋንጋና 600 ኪሎ ሜትር የሚሆን የጀልባ መንገድ ሆነ። ከባህሩ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። የምሥራቅ ወንዞች ከገደሉ ወርደው መጀመሪያ የሚገቡት እዚያ ውስጥ ነው። ርዝመቱ ልክ ነው፣ ስሙም ልክ ነው፣ ወንዝ መባሉ ግን ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ቀዩ ውሃ። ሌሊት እንቅልፍ የከለከለኝ በተለይ ይህኛው ነው።

ጽሑፉ እንዲህ ይላል፤ «ቤትሲቦካ ደም መስሏል። ደም ያደረገው ደኑን ያቃጠለው ገበሬ ነው።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ከህዋ የሚታይ ነገር ነው። ጠፈርተኞች የወንዙን አፍ ፎቶ አንስተውታል፤ ቀይ ውሃ ሰማያዊውን ባህር ሲገባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ያየሁት ከድልድይ ላይ ነው። ከአንታናናሪቮ ወደ ማሃጃንጋ በመኪና ስንሄድ ሾፌሩ ድልድዩ ጋ ቆመልን። ወሩ ጥር ነበር። እኛ ጋ ጥምቀት ነው፣ ፀሐይ ነው። እዚያ ግን ክረምቱ የሚበረታው ያኔ ነው። ውሃው በርበሬ የተበጠበጠበት ይመስል ነበር። ድምፁ ራሱ ከባድ ነው። ዳር ላይ ሰዎች በሳህን አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ይፈልጋሉ።

የያዝኩትን የውሃ ፕላስቲክ አወጣሁና ከወንዙ ሞላሁት። ማሃጃንጋ ስንደርስ ሆቴሉ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ጠዋት ሳየው ውሃው ከላይ ጠርቷል፤ ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ቀይ ጭቃ ተቀምጧል። በአንዲት ሊትር ተኩል ውስጥ። ነሐሴ ላይ አባይን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ያ ጭቃ የሰው ማሳ ነው።

ታዲያ ማን አወረደው? እዚህ ላይ ነው ከጸሐፊው የምለየው። ደን አቃጥሎ ሩዝ መዝራት «ታቪ» ይባላል። ታቪ አለ፤ ጉዳቱም ከባድ ነው፤ አልክድም። ግን ታቪ በዋናነት የሚካሄደው የት ነው? በምሥራቁ ዝናባማ ደን ውስጥ ነው። የዚያ ደን ውሃ ደግሞ ወዴት ነው የሚፈስሰው? ወደ ሕንድ ውቅያኖስ። ቤትሲቡካ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄድ ወንዝ ነው። ተፋሰሱ አብዛኛው ሣር የለበሰ ኮረብታ ነው። የምሥራቅ ገበሬ ባቃጠለው ደን የምዕራብ ወንዝ ሊቀላ አይችልም። ጸሐፊው መጀመሪያ ወንዞቹ ወዴት እንደሚፈስሱ ቢያጣሩ ኖሮ ይህን ክስ በዚህ መልኩ አይጽፉትም ነበር።

የቤትሲቡካን ውሃ የሚያቀላው ሌላ ነገር አለ። ስሙ «ላቫካ» ይባላል። በማላጋሲ ጉድጓድ ማለት ነው። የደጋው ድንጋይ በረጅም ዘመን ሙቀትና ዝናብ በስብሶ ወደ ቀይ አፈር ተለውጧል። አፈሩ በብዙ ሜትር ጥልቀት የተቆለለ ነው። ከላዩ ጠንከር ያለ ቅርፊት አለው። ከሥሩ ያለው ግን ልል ነው። ቅርፊቱ አንድ ቦታ ከተቀደደ ውሃ ከሥር ይሰረስረዋል። አንድ ቀን የኮረብታው ጎን ይናዳል። ከሩቅ ሲታይ ኮረብታውን ትልቅ ማንኪያ የዛቀው ይመስላል፤ ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች ጠባብ። በአውሮፕላን ወደ አንታናናሪቮ ስትወርዱ በመስኮት የምታዩት ቀይ ቁስል ሁሉ እሱ ነው።

ላቫካ ሰው ደሴቲቱ ላይ ከመስፈሩ በፊትም ነበር። ያረጁና ደን የለበሱ ላቫካዎች አሉ። የመሬቱ የራሱ ባሕርይ ነው። ይህ ማለት ግን ሰው ነፃ ነው ማለት አይደለም። ከብት አርቢው ለከብቱ አዲስ ሣር እንዲበቅልለት በየዓመቱ ኮረብታውን ያቃጥላል። ከብቱ የሚረግጠው ዱካ፣ የሚቆፈረው መንገድ፣ ሁሉም ቅርፊቱን ይቀድዳል። ባለፉት አንድ ሺህ ዓመታት ላቫካዎች እየበዙ የሄዱትም ለዚህ ነው። ስለዚህ መልሱ ሁለት እጅ አለው፤ አንዱ የመሬቱ፣ አንዱ የሰው። ድሃውን ገበሬ ብቻውን አቁሞ «አንተ ነህ» ማለት ደግሞ ከኛም አገር የምናውቀው ልማድ ነው። የኛም አፈር በአባይ ሲሄድ የኖረው ገበሬው ስለሚጠላው አይደለም።

ጭቃው የሚያደርሰውን ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ አላነሳውም። ቤትሲቡካ ባህር የሚገባው በቡምቤቱካ የባህር ወሽመጥ በኩል ነው። ጭቃው እዚያ ሲያርፍ ደሴቶች ይሠራል። ደሴቶቹ ላይ በጨው ውሃ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ይወጣል። ቀድሞ የባህር መርከቦች ወሽመጡን አልፈው ወደ ወንዙ ውስጥ ይገቡ ነበር። አሁን ዳርቻው ላይ ነው የሚቆሙት። ከወሽመጡ በላይ ያለው የማሩቩዋይ ሜዳ ትልቅ የሩዝ አገር ነው። የሩዙ ቦዮች በየክረምቱ በደለል ይሞላሉ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ እዚያ አግኝቻለሁ። አካፋውን ተደግፎ «ከላይ አገር የሚመጣውን ኮረብታ በየዓመቱ እዚህ እንዝቃለን» አለኝ። አስተርጓሚዬ ሁለት ጊዜ ነው የደገመልኝ።

ደቡቡን በተመለከተ ጽሑፉ «ወንዝ የለውም፣ ስለዚህ ይራባል» ይላል። ወንዝ አለው። ኡኒላሂ አለ፤ ስሙ «ወንዱ ወንዝ» ማለት ነው። ከደቡብ ደጋ ተነስቶ ከቱሊያራ በታች የሞዛምቢክ ሰርጥ ይገባል። ማንድራሬ አለ፤ ወደ ደቡብ ወርዶ ከአምቡዋሳሪ በታች ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ዳርቻው የቃጫ እርሻ ነው። ሜናራንድራ አለ፣ ሊንታ አለ፣ ማናምቡቩ አለ። ልዩነቱ የደቡብ ወንዞች ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ከላይ አለመፍሰሳቸው ነው። በበጋ አሸዋ ብቻ ሆነው ይታያሉ። ውሃው ግን ከአሸዋው ሥር አለ። ትሲሁምቤ አጠገብ ሴቶችና ልጆች የማናምቡቩን አልጋ በእጃቸው ይቆፍራሉ። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ እስኪጠራቀም ይጠብቃሉ። ከዚያ በጣሳ ይጨልፋሉ። ሶማሌ ክልል ወይም ቦረና የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ያንን ደረቅ አልጋ «ወንዝ አይደለም» ካልን ለነዚያ ሴቶች ምን እንላቸዋለን? ከሜናራንድራ ወንዝ ዳር፣ ከአምፑታካ ተነስቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ትሲሁምቤ የሚደርስ የውሃ ቧንቧም አለ። የሌለ ወንዝ ቧንቧ አይሞላም።

ረሃቡም ቢሆን በወንዝ እጦት ብቻ አይተረጎምም። በአንድሩይ አገር ረሃብን «ኬሬ» ይሉታል። የመጀመሪያው ትልቁ ኬሬ የመጣው በ1930 እና 1931 ነው። ሰዉም ከብቱም በድርቅ ጊዜ የሚኖረው በበለስ ቁልቋል ነበር። ለምግብም ለውሃም። በ1920ዎቹ ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት ከውጭ ገባና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁልቋሉን ጨረሰው። ከዚያ ድርቅ ሲመጣ መጠጊያ ጠፋ። ኮቺኒል በኛም ትግራይ በለሱ ላይ ምን እንዳደረገ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

የመጨረሻው «ገደልና አዞ ብቻ ናቸው፣ አይጠቅሙም» የሚለው ነው። ገደል አለ፤ ይኸው ገደል ግን መብራት ይሰጣል። ከሙራማንጋ በስተምሥራቅ ቩሂትራ ወንዝ ከደጋው ሲወርድ የአንዴካሌካ የኃይል ማመንጫ አለ። ከ1982 ጀምሮ ለአንታናናሪቮ መብራት ይልካል። ከዋና ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ዳርቻ የሚወርደው የባቡር ሐዲድም ያንኑ የቩሂትራን ሸለቆ ተከትሎ ነው የተሠራው። ሐዲዱ ቱዋማሲና ሳይደርስ በፊት መንገደኛው ከባቡር ወርዶ በፓንጋላን ጀልባ ነበር ወደቡ የሚደርሰው።

ሩዙስ? ማላጋሲ ሩዝ ሳይበላ የዋለበትን ቀን በላሁ አይልም። የአንታናናሪቮ ዙሪያ ሜዳ ድሮ የኢኩፓ ረግረግ ነበር። ነገሥታቱ በየዘመኑ ለወንዙ መከላከያ እየገነቡ ሩዝ ማሳ አደረጉት። ከሁሉም ስሙ የሚነሳው ከ1787 ገደማ እስከ 1810 የነገሠው አንድሪያናምፑይኒሜሪና ነው። «ባህሩ የሩዝ ማሳዬ ድንበር ነው» ያለው እሱ ነው። ያ ማሳ ዛሬም አለ። በክረምት ሩዝ ነው። በበጋ ሰዉ የማሳውን አፈር ቆርጦ ጡብ ይሠራበታል። ጡቡ ሜዳው ላይ ተከምሮ ይተኮሳል፤ ማታ ማታ ጭሱ ኢኩፓ ላይ ይተኛል። ምሳ በልታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ድስቱ ሥር ባረረው ሩዝ ላይ ውሃ ጨምረው አፍልተው ያቀርቡላችኋል። «ራኑቩላ» ይባላል፤ ቆሎ ቆሎ ይሸታል። እኔ ከቡና ቀጥሎ የወደድኩት መጠጥ ነው።

ወንዞቹ ታሪክም ሠርተዋል። በ1895 ፈረንሳይ ደሴቲቱን ስትወርር 15,000 የሚሆን ጦር ማሃጃንጋ ላይ አውርዳ የቤትሲቡካን ሸለቆ ይዛ ወጣች። ወታደሩ መንገድ እየቆፈረ ሲሄድ ወባ ያዘው። በውጊያ የሞተው ጥቂት አሥሮች ነው። በበሽታ የሞተው ግን ከ5,000 በላይ ነው። ማላጋሲዎች ቀድሞውኑ «ሁለት ጄኔራሎች አሉን፤ ሀዙና ታዙ» ይሉ ነበር፤ ደንና ትኩሳት ማለት ነው። ሆኖም አንታናናሪቮ ሴፕቴምበር 30 ቀን እጇን ሰጠች። ከዚያ አምስት ወር ቆይቶ አድዋ ሆነ። በ1942 ደግሞ እንግሊዞች በዚያው መንገድ መጡ። ከነሱ መካከል ከአንድ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ከገቡት የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ብርጌድ ነበረበት። ደሴቲቱን ይዞ የነበረው የቪሺ ፈረንሳይ ጦር፣ ማለትም ከናዚ ጀርመን ጋር ያበረው የፈረንሳይ መንግሥት ጦር፣ የቤትሲቡካን ድልድይ ቆረጠው፤ ግን አላገዳቸውም።

አዞም አለ፣ አልዋሽም። ማሩቩዋይ ማለት ራሱ «ብዙ አዞ» ማለት ነው። ማኒያና ማሃጂሉ ሚያንድሪቫዙ አካባቢ ተገናኝተው የሚሠሩት ትልቁ የምዕራብ ወንዝ ትሲሪቢሂና ይባላል፤ ትርጉሙ «የማይጠለቅበት» ነው። ይህም በአዞ ምክንያት ነው ይላሉ። ሰዉ ግን አልራቀውም። «ላካና» በሚሉት አንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሚሠራ ታንኳ ሩዝ፣ ፍየል፣ ከሰልና ሙሽራ ያመላልስበታል። ከሚያንድሪቫዙ እስከ ቤሉ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። እኔን የወሰደኝ ቀዛፊ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ማታ አሸዋው ላይ ስናድር አባቱም አያቱም በዚሁ ወንዝ እንደኖሩ ነገረኝ። እጁን ውሃው ውስጥ ግን አንድም ቀን አላስገባም።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፉን አያጥፉት፣ ያርሙት። ከላይ የለጠፉት ካርታ ላይ በምሥራቅ በኩል ስምንት ስም አለ፤ በምዕራብ ሁለት ብቻ። ማንጉኪ የሚል ስም ጨርሶ የለም። ከሙሩምቤ ከፍ ብሎ፣ ዳርቻው ወደ ባህር ወጣ ያለበት ቦታ ላይ ይጻፉት። የወዳጄ ልጅ ሥራውን የሚያስረክበው ሰኞ ነው።